ለጓደኛ የተላጠው ጥቁር እንጨት

ወንድ ልጅ ሃምሳን ካለፈ በኋላ ራሱ አይታመምም፤ የሚታመመው ጓደኛው ነው። ይህን ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? ካላመናችሁኝ አንድ መድኃኒት ቤት ገብታችሁ ጥግ ይዛችሁ ቁሙ። ኮት የለበሰ፣ ጢሙን ሙልጭ አድርጎ የተላጨ፣ የተከበረ ሰው ይገባል። ሌላው ደንበኛ እስኪወጣለት ድረስ የጥርስ ሳሙና ሲያገላብጥ ይቆያል። ከዚያ ወደ ባለሙያዋ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አንድ ጓደኛ እንዳለው ይነግራታል። ጓደኛውን ሽንቱ አስቸግሮታል። ጓደኛው ከቡራዩ ፒያሳ ለመድረስ ሦስት ታክሲ ይይዛል። ታክሲው ስለማያደርስ አይደለም፤ እሱ መንገድ ላይ እየወረደ ነው።

ይህን ጓደኛ እስከ ዛሬ በዓይኑ ያየው ሰው የለም። የሰፈራችን ወንዶች ግን በሙሉ ያውቁታል። እኔም አውቀዋለሁ። ኧረ እንዲያውም በጣም ነው የምንቀራረበው።

ታዲያ ላጫውታችሁ የተነሳሁት ስለ ጓደኛ አይደለም፤ ስለ አንድ ዛፍ ነው። ሁለቱን ምን አገናኛቸው እንዳትሉኝ። ትንሽ ታገሱኝ፣ ይገናኛሉ።

እኔ ሰላሳ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ «ኪንግደም፣ ፋይለም፣ ክላስ፣ ኦርደር» እያልኩ ሳዜም፣ ተማሪዎቼም ተቀብለው ሲያዜሙ፣ ለሰማን ሰው የመዝሙር ክፍለ ጊዜ እንመስል ነበር። በሰላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ ከመስኮቱ ውጭ ያለው ዛፍ ምን እንደሚባል አልጠየቀኝም። እግዜር ይስጣቸው! ቢጠይቁኝ ኖሮ ጉዴ ይፈላ ነበር።

ጡረታ ልወጣ ስቃረብ ቡራዩ፣ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው በኩል፣ ቤት ሠርቼ ገባሁ። ከግቢዬ በር ፊት ለፊት፣ ከኦቦ ዱጋሳ አጥር ውጭ፣ አንድ ትልቅ ዛፍ ነበር። ግንዱ ጥቁር ነው፤ ቅርፊቱ በበጋ እንደሚሰነጣጠቅ መረሬ አፈር ነው። ቅጠሉ ቅቤ የተቀባ ይመስል ያብረቀርቃል። ለአሥራ አንድ ዓመት «ዛፉ» ስለው ኖርኩ። እንግዳ ሲመጣ «ከዛፉ ጋ ውረድ» እለዋለሁ፤ ከዛፉ ጋ ይወርዳል። ከዚህ በላይ ማወቅ ለምን ያስፈልጋል?

ኦቦ ዱጋሳን ላስተዋውቃችሁ። ሰማንያ የሚጠጉ ሽማግሌ ናቸው። አሁን የእኛ ፎቅና የእኛ ቆርቆሮ የተደረደረበት ሁሉ የአባታቸው የጤፍ ማሳ ነበር። ከዚያ ሁሉ የቀራቸው አንድ ግቢና ይህ ዛፍ ነው። ጠዋት ሳገኛቸው «አካም ቡልቴ፣ ያ በርሲሳ?» ይሉኛል። በርሲሳ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው። ሲጠሩኝ ደስ ይለኛል፤ ዛፉን ስለማላውቀው ግን ትንሽ እሳቀቃለሁ።

እዚያ ዛፍ ሥር በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው የተጣላ ያስታርቃሉ። አስታራቂ እናንተም ሰፈር ይኖራል፤ የእሳቸው ዘዴ ግን ለየት ይላል። ሁለቱን ባላንጣዎች ግራና ቀኝ ያስቀምጡና፣ ጥላው ከአንዱ የዛፉ ሥር ወደ ሌላው ሥር እስኪሻገር ድረስ ማንም ቃል እንዳይተነፍስ ያዛሉ። ጥላው ሲሻገር «በሉ፣ አሁን ተናገሩ» ይላሉ። ያን ጊዜ ግማሹ ሰው የተጣላበትን ነገር ረስቶታል። የቀረው ግማሽ ርቦታል። እኔና ባለቤቴ የሺ ራሳችን ሁለቴ ታርቀንበታል። በምን እንደተጣላን ብትጠይቁኝ አላስታውስም።

እንግዲህ ሰፈራችን ኮብልስቶን ሊነጠፍለት ሆነ። ሰባት ሰው ያለበት የመንገድ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሊቀመንበሩ አቶ ሽፈራው ነው፤ የብረት በርና መስኮት ይሠራል። ውሃ ልኩን ከእጁ አይለይም፤ ለቅሶ ቤት ሲገባ እንኳ ድንኳኑ ዘሟል ብሎ ካስማ ያስተካክላል። ሁለተኛው ሰው ወንድም ማቴዎስ ነው። ከደቡብ መጥቶ ግንባታ ላይ ፎርማን የሆነ፣ ሁሉን ሰው «ወንድሜ» የሚል፣ ጸሎተኛ ሰው ነው። ጸሐፊው እኔ ነኝ። የቀሩት አራቱ እጅ የሚያወጡ ናቸው።

ሽፈራው ገመድ ወጠረ። ገመዱ ቀጥ ብሎ ሄደና ዛፉ መሐል ላይ አረፈ። በቃ፣ ዛፉ ይቆረጥ አለ። ማቴዎስም ሥሩ ድንጋዩን እንደሚነቅለው በሙያው መሰከረ። እኔስ? እኔም እጄን አወጣሁ። ለምን ብትሉኝ፣ ስብሰባው ረዝሞብኝ ነበር። ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም። ለምን እንዳልቻልኩ ሳትጠረጥሩ አትቀሩም።

ኦቦ ዱጋሳ ተጠርተው ሲነገራቸው አልለመኑም፤ አልተቆጡምም። ስወለድ ቆሞ ነበር አሉ። ብዙ አልቆይም፣ እኔ ልቅደም፣ እሱ ይከተል፣ ያን ጊዜ እንደፈለጋችሁ አድርጉት አሉ። አንጀቴን በሉኝ። የሽፈራው ገመድ ግን ያው እንደተወጠረ ነበር።

ዛፍ ለመቁረጥ ታዲያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለፈቃዱ ደግሞ ቅጽ አለ። ቅጹ ላይ «የዛፉ ዓይነት» ይልና ሦስት ሳጥን አስቀምጧል፦ ባህር ዛፍ፣ ጽድ፣ ሌላ። ሽፈራው «ሌላ» ላይ ምልክት አድርጎ ላከ። ወረቀቱ «የትኛው ሌላ?» ተብሎ ተመለሰ። ያን ጊዜ የስድስቱም ዓይን እኔ ላይ ዐረፈ። ባዮሎጂ መምህር አይደለሁ? ብድግ ብዬ ዛፉን አንዴ ዞርኩት። ቅጠሉን አገላብጬ አየሁ። አፌን ሞልቼ «ዳይኮት ነው» አልኩ፤ ባቄላም ዳይኮት ነው። እንዴት እንዳከበሩኝ ብታዩ! ወረቀቱ ግን ከሄደበት ፈጥኖ ተመለሰ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሰው ሁሉ የራሱ የዛፍ ምደባ አለው። ለሽፈራው ዛፍ ሁለት ዓይነት ነው፤ መንገድ ላይ ያለና መንገድ ላይ የሌለ። ለማቴዎስ ለኮንክሪት ፎርም የሚሆንና የማይሆን ነው። ለባጃጅ ነጂዎች ጥላው የሚያቆምና የማያቆም ነው። ለየሺ ደጅ የሚያቆሽሽና የማያቆሽሽ። ለጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ የሚጠየቅበትና የማይጠየቅበት። ይህ ከእኔ ኪንግደምና ፋይለም በምን ያንሳል?

በመጨረሻ ጽሕፈት ቤቱ ቢፍቱ የምትባል ወጣት ባለሙያ ላከ። በባጃጅ መጣች። አንድ ቅጠል ቀነጠሰች፣ በጣቷ አሸች፣ አፍንጫዬ ሥር አደረገችው። የኮክ ፍሬ ሲፈለጥ ውስጡ የሚሸተውን ሸተተኝ። ጥቁር እንጨት ነው አለች። በኦሮምኛ ሆሚ። ኦቦ ዱጋሳ ከበርጩማቸው ላይ ሆነው፣ «ሆሚ ነው እንጂ፤ ማን ጠየቀኝ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። አንድ ወር ሙሉ ደብዳቤ ስንጻጻፍ ባለቤቱን የጠየቀ የለም።

ቢፍቱ ቀጠለች። የሳይንስ ስሙ ፕሩነስ አፍሪካና ይባላል፤ ከጽጌረዳ ወገን ነው፤ የኮክና የፕሪም ዘመድ ነው፤ ፈረንጆቹ የአፍሪካ ቼሪ ይሉታል። ቼሪ ስትል ኮሚቴው ነቃ። እኛ ቼሪ የምናውቀው ቶርታ አናት ላይ ነው። ሽፈራው አንገቱን ቀና አድርጎ ቅርንጫፎቹን መፈተሽ ጀመረ። ማቴዎስ መቼ መቼ እንደሚያፈራ ጠየቀ። ፍሬው ትንሽና መራራ ነው፣ ወፍና ዝንጀሮ ነው የሚበላው ስትል፣ ዛፉ ለአፍታ ያገኘው ክብር ወዲያው ወረደ።

የት የት እንደሚበቅልም ነገረችን። ከካሜሩን ተራሮች እስከ ማዳጋስካር፣ ከእኛ ደጋ እስከ ደቡብ አፍሪካ። የእኛም ተራራ ድሮ ሞልቶት ነበር፤ ለጣውላ ተቆርጦ ተቆርጦ አለቀ። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ታክሲ ውስጥ መስኮት መስኮቱን እየያዝኩ የራሴን ጥናት ጀምሬ ነበር። ወደ ሰበታ ስሄድ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን አጥር ጀርባ አንድ አየሁ። ሱሉልታ ላይም አንድ ያየሁ መሰለኝ፣ ግን ታክሲው ስለፈጠነ ዋንዛም ሊሆን ይችላል። የቀረው አገር ባህር ዛፍ ነው። ለሳይንስ ያበረከትኩት ይኸው ነው።

ጥቅሙንም ዘረዘረችልን። ጣውላው ጠንካራ ነው፣ ሙቀጫ ይወጣዋል፣ ማገዶው ረመጥ ይይዛል፣ አበባውን ንብ ይወዳል። ማንም አልሰማትም። ሽፈራው ገመዱን እንደገና እየወጠረ ነበር። ያን ጊዜ ልጅቱ ወረቀቷ ላይ እየጻፈች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ ቅርፊቱ ደግሞ ለወንዶች የፕሮስቴት ሕመም ይሆናል፣ አውሮፓ በእንክብል ተዘጋጅቶ ይሸጣል አለች።

ሰባት ወንድ ነን። ታናሻችን ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው።

ሽፈራው ገመዱን ቀስ ብሎ ጠቀለለው። ጉሮሮውን ጠረገና፣ መንገድ ትንሽ ጎበጥ ቢል እኮ የባጃጅ ፍጥነት ይቀንሳል አለ። ማቴዎስም ሥሩ እንዲያውም አፈሩን እንደሚይዝ አሁን ታየው። እኔ ደግሞ ሀገር በቀል ዛፍ የትውልድ አደራ መሆኑን በቃለ ጉባኤ አሰፈርኩ። መንገዱ ዛፉን ዞሮ እንዲያልፍ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ኮሚቴያችን በሙሉ ድምፅ የወሰነው የመጀመሪያ ጉዳይ ነው። ኦቦ ዱጋሳ ዓይናቸው እንባ ሞላ። አንድ በአንድ እየዞሩ እጃችንን ይዘው መረቁን።

ቢፍቱ ልትሄድ ስትል ሦስት የኮሚቴ አባላት በየተራ እስከ ባጃጁ ሸኟት። ሁሉም አንድ አንድ ጓደኛ ነበራቸው። ለሁሉም ያው አንድ መልስ ሰጠች። ጓደኛህ ሐኪም ቤት ሄዶ ይመርመር፣ ቅርፊት በዘፈቀደ አይጠጣም፣ ዛፉንም ዙሪያውን እንዳትነኩት። እንዴት ሰማህ ካላችሁኝ አራተኛው ሸኚ እኔ ነበርኩ።

መንገዱ ተነጠፈ። ዛፋችን ጋ ሲደርስ እንደ ጎበጠ ማጭድ ዞር ብሎ ያልፋል። በዚያው ሰሞን የኦቦ ዱጋሳ ልጅ ጫንጮ ላይ ወለደች፤ አንድ ወር ሊቆዩ ተነሱ። ሲሄዱ በሬን አንኳኩና፣ «ያ በርሲሳ፣ ማሎ፣ እባክህ፣ ዛፉን አደራ» አሉኝ። «ይሂዱ ኦቦ፣ እኔ እያለሁ ማን ይነካዋል!» አልኳቸው። ይህን ስል ከልቤ ነበር።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሽፈራው ውሃ ልኩን ይዞ መጣ። የመንገዱን ጉብጠት ሊለካ ነው አለኝ። ከዛፉ ጀርባ ገባ። ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሲወጣ ኮቱ በአንድ ጎን አብጧል። በመስኮት አየሁት። ምን ልበለው? ወጥቼ «አየሁህ» ብለው ያፍራል። ደግሞስ ምን ሊያደርግበት እንደወሰደ አንተ በምን አወቅህ ቢለኝስ? መዳፍ የምታህል ናት፣ ዛፉ አይጎዳም ብዬ መጋረጃውን ዘጋሁ።

ማቴዎስ በሳልስቱ በምሳ ሰዓት መሮና መዶሻ ይዞ መጣ። ሲወጣ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ፈውስ በጸሎት ነው እያለ ሲነግረን የኖረ ሰው፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ፣ ሰበታ ያለ አንድ ወንድም ታሞበት እንደሆነ ነገረኝ። ጓደኛው ነው። እግዜር ይማረው አልኩት። የቀሩትም አራቱ በየቀናቸው መጡ። አንዱ ንብ ሊያይ፣ አንዱ ጥላ ሥር ሊያርፍ፣ አንዱ ስልክ ሊያወራ፣ አንዱ ፍሬ ሊለቅም። ሁሉም የሚልጠው የራሱ ቤተሰብ በማያይበት በኩል ነው። የስድስት ሰው ቤት ደግሞ በስድስት አቅጣጫ ነው።

ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ የዛፉ ወገብ ተልጦ ነጭ ሆነ። የቀረው ከእኔ በር ፊት ለፊት ያለው ብቻ ነበር፤ ሁለት መዳፍ የምትሆን ቅርፊት። እኔን ፈርተው ነው ያልነኳት። በየጠዋቱ እያየኋት እኮራለሁ። ሌላው ቢጠፋ ይቺ የእኔ አደራ ናት እላለሁ።

አንድ ቀን ከፒያሳ ስመለስ ሦስት ታክሲ ያዝኩ። ቤት ስገባ የሺ ቀና ብላ አየችኝና፣ «ጓደኛህ እንዴት ዋለ?» አለችኝ። ለካ ሚስቶች ጓደኞቻችንን ከእኛ በፊት ያውቋቸዋል። የወጥ ቤት ቢላዋ ይዤ ወጣሁ።

አንዷን መዳፍ ላጥኩ። አፍልቼ ጠጣሁ። ቤቱ በሙሉ ኮክ ኮክ ሸተተ። ጓደኛዬ ትንሽ ለውጥ ያየ መሰለው። በሳምንቱ ሁለተኛዋን ላጥኩ። መድኃኒት ተጀምሮ አይቋረጥም ይባል የለ? አሁን የምነግራችሁን ነገር ለማንም ነግሬው አላውቅም። ቢላዋውን እንደያዝኩ ቀና ስል ግንዱን አየሁት። ነጩ ቀበቶ ዙሪያውን ገጥሟል። የገጠመው በእኔ እጅ ነው። ሰላሳ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ክብ እየሣልኩ፣ ዛፍ ምግቡን የሚያወርደው በቅርፊቱ ነው፣ ዙሪያውን ከተላጠ ይሞታል ብዬ አስተምሬያለሁ። ፈተና ላይም አውጥቼዋለሁ። የተሳሳተውን ተማሪ ሁሉ ኤክስ አድርጌበታለሁ።

ሌላው ሰው አደራ ይበላል ይባላል። እኔ አፍልቼ ጠጣሁት።

ኦቦ ዱጋሳ ተመለሱ። ዛፉን በመዳፋቸው እየዳሰሱ አንዴ ዞሩት። ከዚያ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡና ኮሚቴውን አስጠሩ። ሰባታችንም መጣን። ቁጭ በሉ አሉ፤ ተቀመጥን። ጥላው ከአንዱ ሥር ወደ ሌላው እስኪሻገር ዝም አልን። በሕይወቴ እንደዚያ ረዥም ጊዜ አላየሁም። መሬቱ ቢውጠኝ እወድ ነበር።

ጥላው ሲሻገር እሳቸው ራሳቸው ተናገሩ። አባታቸውም ይልጡት ነበር፤ እሳቸውም ስልሳ ዓመት ሲሆናቸው ልጠዋል። በመጀመሪያ ዓመት ፀሐይ በሚወጣበት በኩል አንድ መዳፍ፤ ቁስሉን በጭቃ መምረግ፤ በሚቀጥለው ዓመት በሌላው በኩል። ጎን ለጎን ቆዳው ካለ የተላጠው ተመልሶ ይገጥማል። የታመመ ሰው መጥቶ ይነግራቸዋል፤ እሳቸው ይቆርጡለታል፤ ሌላው ተራውን ይጠብቃል።

«አንዳችሁ ብትጠይቁኝ ምን ነበረበት?» አሉ።

ሽፈራው መሬት መሬቱን እያየ፣ ኦቦ፣ ለራሴ ሳይሆን ለአንድ ጓደኛዬ ነበር አለ። ማቴዎስም ጓደኛውን ጠራ። አራቱም አራት ጓደኛ አቀረቡ። ኦቦ ዱጋሳ ሁላችንንም ዞር ብለው አዩን። «የስድስታችሁም ጓደኛ አንድ ሰው ከሆነ በጣም ታሟል፤ ሐኪም ቤት ውሰዱት» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ያ በርሲሳ፣ በአንተ በር በኩል ያለውን ማን ላጠው?»

እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጓደኛዬ አልኩ።

እስቲ አስቡት። እኛ ለዘይት እንሰለፋለን። ለመታወቂያ፣ ለታክሲ፣ ለዳቦ እንሰለፋለን። ሰልፍ መረረን እያልን ስናማርር እንውላለን። በዕድሜያችን አንድ ጊዜ ሰልፍ የሚያድነው ነገር ቢገጥመን፣ ለመሰለፍ አፈርን። ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው የቆመበት ነገር ይታወቅበታላ።

ዛፉ ክረምቱን አልተሻገረም። ቅጠሉ ከላይ ጀምሮ እየረገፈ መጣ። የደረቀ ዛፍ ለመቁረጥ ደግሞ ደብዳቤ አያስፈልግም፤ በሁለት ቀን ተቆርጦ ተነሳ። ልንቆርጠው የተነሳን ጊዜ ወረቀት አተረፈው። ልናድነው በሙሉ ድምፅ የወሰንን ጊዜ ማንም አልደረሰለትም። ኦቦ ዱጋሳ ጉቶው ሲቀር አይተው «ቀደመኝ» ብቻ አሉ። ከዚያ ወዲህ አያስታርቁም። ጥላ ከሌለ ሰው ምን ያህል ዝም ማለት እንዳለበት መለኪያ የለኝም ይላሉ። እኔና የሺ ከተጣላን ሁለተኛ ሳምንታችን ነው።

በኋላ እኔም ሐኪም ቤት ሄድኩ። ይበቃኛል፣ ዛሬስ እኔ ነኝ የታመምኩት ብዬ እናገራለሁ ብዬ ቆርጬ ነው የሄድኩት። ኮሪደሩ ላይ ወረፋ ይዘው ከተቀመጡት ውስጥ ሽፈራው ነበር። ከአጠገቡ ማቴዎስ። ወዲያ ጥግ ሁለቱ እጅ አውጪዎች። እኔ ስጨመር ምልዓተ ጉባኤ ሞላ። ሽፈራው ሲያየኝ ደንግጦ፣ ጓደኛ ልጠይቅ መጥቼ ነው አለኝ። እኔም ነኝ አልኩት። ሁላችንም ጓደኛ እየጠየቅን፣ በተራ በተራችን ስማችን እየተጠራ ገባን።

መንገዱ እስከ ዛሬ እንደጎበጠ ነው። ጉቶውም ከተነቀለ በኋላ፣ ቀጥ ብሎ ይመጣና ባዶ ቦታ ሲደርስ ዞር ብሎ ያልፋል። ሽፈራው ቀጥ ያላለ ነገር እያመመው በየቀኑ ፊቱን አዙሮ ያልፍበታል። ባለፈው ሳምንት አዲስ ጎረቤት ገባ፤ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ ወደ ሃምሳ የሚጠጋ ሰው። ቆም ብሎ፣ እዚህ ጋ ምንም ነገር የለ፣ መንገዱ ለምን ይዞራል ብሎ ጠየቀኝ።

ግራና ቀኝ አየሁ። ጠጋ አልኩና ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

«ለአንድ ጓደኛችን ብለን ነው» አልኩት።